ድስቱ ሲከፈት የሚባል አሜን

ሹራቡን የመረጠችልኝ እሷ ናት። ሁለቱን ይዤ በየተራ ሳሳያት፣ «ግራጫው ይሻላል፤ እድፍ አያሳይም» አለችኝ። አገር ቤት ላለችው እናቴ ነበር። እናቴን ትከሻዋን ይበርዳት ነበር። ግራጫውን ገዛሁ። ፌስታሉን እስከ መኪናዬ ድረስ ያዘችልኝ። መንገድ ላይ ስለ ልጇ ፈተና እያወራችኝ ሳቅን።

ያን ቀን እናቴ ሞታ ተቀብራ ነበር። እሷ ታውቃለች። እኔ አላውቅም።

የምንሠራው በሰው አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የአበሻ ምግብ ቤት ነው፤ ሁለታችንም ወጥ ቤቱ ውስጥ። ልጆቻችንን አብረን አሳድገናል። ባሌ ሲሞት ፀጉሬን ያጠበችልኝ፣ በግድ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ይህን የምጽፈው ውለታዋን እንዳልረሳሁ እንዲታወቅ ነው። ውለታዋን ስላልረሳሁም ነው እንደዚያ የጠላኋት።

ጠዋት ጠዋት አንድ ልማድ አለን። የመጀመሪያውን ድስት የምትከፍተው ታማትብና አንድ ቃል ትጸልያለች። ሌላይቱ አሜን ትላለች። ማን እንደ ጀመረው አላስታውስም። በእነዚያ ቀናት ተራው የእኔ ሲሆን፣ «ጌታዬ፣ ለእናቴ ጤናዋን ስጥልኝ» እል ነበር። እሷ ከጎኔ ቆማ አሜን ትል ነበር። ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ሰብሰብ ብሎ ጎሕ ሲቀድ ቤት ድረስ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፤ የሞተበት ሰው ብቻ አያውቅም። እዚህ አገር ደግሞ ሺፍት አለ፣ ፍሪዌይ አለ። ሰው ሁሉ ኦፍ የሚሆንበት ቀን ይጠበቃል። የእኛ ምግብ ቤት ሰኞ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ሰኞ ተጠበቀ።

በሩ ሲንኳኳ ልብሴን ደርቤ ከፈትኩ። ፊት ለፊት የቆሙት የሰፈራችንን መርዶ ሁሉ የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከኋላቸው እሷ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ነጠላዋን ሳይ ገባኝ።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ ጋሼ።

«እናቴ ናት?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሬት ወደቅኩ። ያዙኝ፤ አለቀስኩ። ቤቱ ሞላ፤ እንጀራ መጣ፣ ውሃ መጣ፣ ወንበር መጣ። ሰው ሳይጠራ የሚመጣበት አገር ስላለኝ ዛሬም አመሰግናለሁ። ግን ለቅሶዬ ትንሽ ረገብ ሲል አንድ ነገር ጠየቅኩ።

«መቼ ነው?»

ጋሼ ቀኑን ነገሩኝ። ወደ ኋላ አሰብኩ። ሹራቡ ትዝ አለኝ። ድስቱ ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ አየኋት።

«ሹራቡን ስንገዛ ታውቂ ነበር?»

«ለአንቺ ብለን ነው።»

«አሜን ስትይ ታውቂ ነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ቢላ ይዘሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ ሞታለች ልበልሽ?»

ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር ይባላል። ፍትሐት ይደረጋል። እናቴ ያ ሁሉ ጸሎት በሚያስፈልጋት ቀናት እኔ፣ የወለደችኝ ልጇ፣ ለሬሳ ጤና ስለምን ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት ደግሞ ልመናዬን በአሜን ታትምልኝ ነበር።

«ከቤቴ ውጪልኝ» አልኳት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አይባረርም። እሷ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መቁረብ አቆምኩ። የንስሐ አባቴ ጠርተው ጠየቁኝ። ቂም አለብኝ አልኳቸው። «ቂም ይዘሽ አትቁረቢ፤ ፈጥነሽ ግን ጣይው» አሉኝ። እሺ አልኩ። መጣሉን ግን አልቻልኩም። እንዳልጥለውም ፈርቼ ነበር፤ እሱን ከጣልኩ ለእናቴ የሚናደድላት ማን ይቀራል?

ልጄ ራቅ ብላ ቫን ናይስ ትኖራለች፤ ሥራዋ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ ነው። መንገድ ላይ ከስልኳ ትምህርት ትሰማለች። በእነዚያ ወራት የያዛት የጥንት የግሪክና የሮም ፈላስፎች ትምህርት ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስታደርሰኝ እየነዳች ትሰብከኝ ጀመር።

«ማሚ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ንዴት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ጊዜ ነው የሚያወሩት። ሶ፣ ላንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው።»

ኢስጦኢኮች እንደሚባሉ ነገረችኝ። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ላይ ያገኛቸው፣ የተከራከሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ገና ስማቸውን ስሰማ አልወደድኳቸውም። ግን መኪናው የእሷ ነው፤ ሰማኋት።

የምትወጂውን ሰው የእኔ ነው አትበይ ይላሉ አለችኝ። አደራ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት ይወስደዋል። ይህ አልከፋኝም። ኢዮብም ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገረም። ግን አደራው ሲወሰድ አደራ ጠባቂው ይነገረዋል እንጂ፣ ባዶ ሳጥን ሲጠብቅ አይኖርም አልኳት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ጠዋት ስትነሺ የምትወጂው ሰው ዛሬ ሊሞት እንደሚችል አስቢ ይላሉ አለችኝ። ያኔ ሲሞት አዲስ አይሆንብሽም፤ ሳይሞትም ደኅና አድርገሽ ትይዢዋለሽ።

«እኛ ግን ተገላቢጦሹን ነው የምናደርገው፣ ማሚ። በሕይወት ያለውን አንድ ቀን ይሞታል ማለት ነውር ነው። የሞተውን ደግሞ እንዳልሞተ እናስመስላለን።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

በንዴት ላይ ግን ተጣላን።

«ለንዴት ትልቁ መድኃኒት ማዘግየት ነው ይላሉ።»

«ማዘግየት?»

«የስ፣ ወዲያው አትመልሺ። ጊዜ ስጪው።»

«እኔን ያቃጠለኝ ማዘግየት ነው። ሌላ መድኃኒት የላቸውም?»

«ማሚ፣ ያለፈው እኮ በእጅሽ አይደለም። ኮንትሮል የማታደርጊውን ነገር ልቀቂው።»

«መጀመሪያም በእጄ አልነበረም። በእነሱ እጅ ነበር።»

ሬዲዮ ከፈተች።

አንዱን ብቻ ወደድኩት። ሰው ዕቃውን ሲሰርቁት ይጮኻል፤ ጊዜውን ሲሰርቁት ግን ዝም ይላል ይላሉ። ወድጄው የባሰ ተናደድኩ። የእኔን ቀኖች የሰረቀችውን ሴት አውቃታለሁ፤ በየቀኑ ከጎኔ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሌላም አለ። ዛሬ ውለታ ቢስ፣ ነገረኛ፣ ክፉ ሰው እንደሚገጥምሽ ገና ጠዋት ለራስሽ ንገሪው ይላሉ፤ ሲገጥምሽ እንዳትደነግጪ። ይህን ሞከርኩት። ከምግብ ቤቱ ጀርባ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ፣ «ዛሬ ክፉ ሴት አገኛለሁ» እል ነበር። አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ገብታ አገኛታለሁ።

እርስ በርስ አንነጋገርም። ለድስት እንናገራለን።

«አንዳንዱ ሰው ያሰበለትን ነው የሚጠላው» ትላለች ለምስሩ።

«አንዳንዱ ሰው ደግነቱን የሚያሳየው በሌላው እናት ነው» እላለሁ ለጎመኑ።

«እግዚኦ! ጎመኑ ዛሬ ምላስ አወጣ።»

«ምስሩ ሲለፈልፍ ጎመኑ ምን ይሁን?»

የምግብ ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ ይህን ሰምቶ የመጣበትን ረስቶ ተመልሶ ወጣ።

አሜኑ ብቻ አልተቋረጠም። እሱ የእኛ አይደለም፣ የእግዚአብሔር ነው። ተራዋ ሲሆን ትጸልያለች፤ ፊቴን ሳላዞር አሜን እላለሁ። ተራዬ ሲሆን እጸልያለሁ፤ ክዳን እየደፋች አሜን ትላለች። ሌላ ቃል አልነበረንም።

በዓቢይ ጾም አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ለሥራ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ከአገር ቤት። ጠባችን እዚያ ድረስ አልተሰማም ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። አባታችን ዛሬ ዐረፈ።»

«ነፍሱን ይማር።»

«ከዱባይ የሚመጣ ወንድማችንን እየጠበቅን ነው፤ ቀብሩ እሑድ ነው። ለእሷ ግን አሁን እንዳይነገራት፤ ደንግጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳትሆን። ከቀብሩ በኋላ፣ ሰኞ፣ ሽማግሌ ይዘው ያርዱልን። ከእርስዎ የሚቀርባት ሰው የለም ብዬ ነው።»

እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁ። ለጋሼ ደወልኩ። ሰምተዋል።

«አፍሽን ያዢ» አሉኝ። «ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን። አንቺም ትመጫለሽ፤ ጠባችሁም በዚያው ይበርዳል።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ብትሰማ ለቀብሩ ትደርሳለች።»

«አውሮፕላን ላይ ብቻዋን ስታለቅስ ልቧ ቢቆምስ? ልጄ፣ ሥርዓቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ስንት ሰው በድንገተኛ መርዶ ወድቆ ቀርቷል።»

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። እሺ ጋሼ ብዬ ሄድኩ።

መኪናዬን አቁሜ ከመውረዴ በፊት ተቀመጥኩ። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። ሥርዓት ነው። ሽማግሌ አዘውኛል። ወንድሟ ለምኖኛል። ኢስጦኢኮቹም ማዘግየት ጥሩ ነው ብለዋል። እስከ ሰኞ ከጎኗ ቆሜ አሜን እላታለሁ፤ ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሯን አንኳኳለሁ። ዓይኔን ስታየኝ ይገባታል። ይህን ሳስብ አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ። ጾም ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ የሚጥም ነገር አልቀመስኩም።

ገባሁ። ተራው የእሷ ነው። ምስሩ ተጥዷል። ክዳኑን አነሣች፤ አማተበች።

«ጌታዬ፣ ለአባቴ ጤናውን ስጥልኝ። ትናንት ስልኩን አላነሣም።»

አፌን ከፈትኩ። አሜኑ አልወጣም።

ክዳኑን ይዛ ጠበቀች። ምስሩ ተንተከተከ። ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አሜንም ነፈግሽኝ?»

ዓይኔን ወደ እሳቱ መለስኩ።

«ሴትዮ፣ ለድስቱ አይደለም፣ ላንቺ ነው የማወራው! እኔን ጥዪኝ። አባቴ ምን አደረገሽ?»

«እሳቱን አጥፊ።»

«ለምን?»

እጄን ዘርግቼ ራሴ አጠፋሁት። ቢላውንም ከፊቷ አነሣሁ።

«አባትሽ ዐርፏል። ነፍሱን ይማር። ቀብሩ እሑድ ነው። ዛሬ ከተነሣሽ ትደርሻለሽ።»

ክዳኑን ወረወረችው። ግድግዳውን መትቶ መሬት ላይ ተሽከረከረ።

«ውሸታም!»

«ወንድምሽ ደውሎልኝ ነው።»

«እንዲህ ይነገራል? ቆሜ? ሽርጥ ለብሼ? ሰው በሌለበት?»

«ሰው አለ። እኔ አለሁ።»

«አንቺ ሰው ነሽ? ይህን ቀን ስትጠብቂ ነው የከረምሽው! ተበቀልሽኝ!»

ሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ሳትወድቅ ያዝኳት። ደረቴን መታችኝ። አልለቀቅኳትም። ጮኸች፣ አባቷን ጠራች፤ እኔን ሰደበችኝ፣ እንደገና አባቷን ጠራች። ተበቅዬ እንደሆነ ያኔ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር። እስካሁንም በደንብ አላውቅም። አሜኑ አልወጣ እንዳለኝ ብቻ ነው የማውቀው።

በአንድ እጄ እንደያዝኳት ለልጄ ደወልኩ።

«ለዛሬ ትኬት ፈልጊ» ብዬ ለማን እንደሆነ ነገርኳት።

«ኦ ማይ ጋድ። ማሚ፣ ነገርሻት? ይኸውልሽ፣ እነሱ የሚሉት ይህንኑ ነው! በእጅሽ ያለውን…»

«ዝም በይና ትኬቱን ፈልጊ።»

አገኘች፤ ማታ የሚነሣ። ከቤቷ ፓስፖርቷን ያዝንና ወደ ኤርፖርት ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። እኔ ስለ አባቷ አንድ ሁለት ነገር አነሣሁላት፤ እንደ ለቅሶ ቤት። አንድ ጊዜ እዚህ ሊጠይቋት መጥተው የፌርፋክስን ሰው ሁሉ በስም ያወቁ ሰው ነበሩ። ይህን ስትሰማ ለቅሶዋ ለስለስ አለ። ከዚያ እኔ መሆኔን አስታወሰችና ፊቷን አዞረች።

ኤርፖርት ደርሰን ስትወርድ ብርድ መታት። የለበሰችው የሥራ ቲሸርት ብቻ ነው። የመኪናዬን ኋላ ከፈትኩ። ፌስታሉ እዚያው ነበር፤ ወደ ቤት ላስገባው አልቻልኩም ነበር። ሹራቡን አወጣሁ። አወቀችው።

«የእናትሽ አይደለም?»

«ነው።»

«የሞተ ሰው ሹራብ አልለብስም።»

«ማንም ለብሶት አያውቅም። ደግሞ አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

ነጥቃኝ ለበሰችው።

«ይቅር አልልሽም» አለችኝ።

«እሺ። ፓስፖርትሽን አትጣይ።»

በማግስቱ ጋሼ ምግብ ቤቱ ድረስ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«በዚህ ዕድሜሽ ሥርዓት ታፈርሻለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ግን ትደርሳለች።»

«ብትወድቅስ ኖሮ?»

«ወድቃ ነበር። ያዝኳት።»

ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«ከእንግዲህ ለእናንተ ለሁለታችሁ የማንንም ሞት አስቀድሞ የሚነግር የለም።»

«ተመስገን» አልኩ።

ተቆጥተው ሊወጡ ሲሉ የጾም ምግብ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ምግቡን ተቀበሉኝ።

እሷ እስክትመለስ ድስቱን ብቻዬን ከፈትኩ። ለአባቷ ነፍስ ይማር እልና ራሴ አሜን እላለሁ። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለብኝ። ምስሩም ጎመኑም ዝም አሉ። ንዴቴን ስፈልገው እዚያው ነበር፤ ግን ሥራ ፈትቶ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆነብኝ። የእናቴን የመጨረሻ ቀናት ማንም አይመልስልኝም፤ ኢስጦኢኮቹም፣ ጋሼም፣ እሷም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በእጄ የነበረው አንድ አሜን ብቻ ነው። እሱን የውሸት አላደረግኩትም። ለዚያ ያበቃኝን አመሰገንኩ።

ከሆሳዕና በኋላ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከላይ ግራጫው ሹራብ አለ። ከስታለች። ደኅና አደርሽም አላለችኝ፤ ሽርጧን አሠረች። ተራው የማን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም፤ ድስቱ ፊት ለፊት ቆምን።

«ፊቱን አየሁት» አለች ለድስቱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አንቺን አላመሰግንም።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«እንደ ውሻ ነው የነገርሽኝ። እዚያም ላገኘሁት ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ጨመረች። ማማሰያውን ያዘች፤ አላማሰለችም።

«ያኔ ብነግርሽ ለእናትሽ ቀብር አትደርሺም ነበር። በማግስቱ ነው የተቀበረችው።»

«አልደርስም ነበር። ግን ነፍስ ይማር እላት ነበር።»

ሽንኩርቱ መሽተት ጀመረ። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ድስት ከፈተች፤ በሹራቡ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች፤ አማተበች።

«ጌታዬ» አለች፣ «የእናቷን ነፍስ ማርልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

«በይ አሁን ማማሰያውን ያዢ፤ ስታስወሪኝ ቁሌቱ አረረ።»

«የአንቺ ቁሌት መቼ ሳያርር ቀርቶ ያውቃል?»

ያን ሳምንት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ቆረብኩ።